የመግሪብ ገመድ

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ አዋጥተው ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ አንድ ጋቢና፣ በተወለወለ እንጨት ላይ የተተከለ አንድ ቀይ የማስቆሚያ ቁልፍ። ከቁልፉ ሥር "ብዙ እጆችን ላተረፉ" የሚል ጽሑፍ አለ። ባለቤቴ ደስ ብሏት ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ እሱን ይጫናል። ሰው ቀይ ቁልፍ ካየ እጁ አያርፍም። ከምንም ጋር ስላልተገናኘ ጠቅ ብሎ ብቻ ይቀራል፤ እንግዳው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እንግዳው ሲሄድ ግን ጽሑፉን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ።

ብዙ እጆች ተርፈዋል፤ ይህን አልክድም፣ የውሸት ትሕትናም አልወድም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ያልተረፈው አንዱ ነው። የእጁ ባለቤት እንድሪስ ሙሄ ይባላል፣ ዛሬም አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ይኖራል። እጁን ካጣ ወዲህ ለዓመታት ከእሱ አንድ መልስ ስፈልግ ኖርኩ፤ በእኔ ላይ ምን እንደያዘብኝ ማወቅ ፈልጌ። ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ስለ እጁ ግን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ሰበብ አለቀብኝና ሄጄ ጠየቅሁት። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የመጣሁበትን መንገድ ማስረዳት አለብኝ።

ሥራዬ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሰው ሲይዝ ወይም ሊይዝ ሲል አጠገቡ ያለ ማንም ሰው በአንድ ምት የሚያስቆምበትን መላ ማበጀት ነበር። በወረቀት ላይ "የአደጋ ጊዜ ማስቆሚያ" እንለዋለን፣ ሠራተኛው "ኢመርጀንሲ" ይለዋል። ቀዩ ቁልፍ የት ይተከል? በማጓጓዣ ቀበቶ ዳር የሚዘረጋው ገመድ ምን ያህል ይወጠር? መስመሩ አንዴ ከቆመ በኋላ ማን ያስነሳው? እነዚህን ስመልስ ዕድሜዬ አለቀ። ሰው ቀላል ይመስለዋል። አንድ ሥራ አስኪያጅ "ማብራትና ማጥፋት አይደል እንዴ? እኔም ቤቴ አምፖል አለኝ" ብሎኛል።

የተወለድኩት ውጫሌ ነው። ደሴ ሄጄ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማርኩና የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። እዚያ ያገኘኋቸው አለቃ አቶ አሰግድ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ በሙቀት ቀን እንኳ ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሠራተኛው ከኋላቸው "አቶ አይሆንም" ይላቸዋል። ጥያቄህን ሳትጨርስ "አይሆንም" ይሉሃል፤ ከዚያ "እስቲ ጨርስ" ብለው ያስጨርሱሃል፤ አዳምጠው ሲያበቁ ደግመው "አይሆንም" ይላሉ።

ቁልፍ የሚተከልበትን ቦታ በሜትር ሲለኩ አይቼ አላውቅም። ሠራተኛዋ በምትቆምበት ቦታ ይቆሙና አንድ እጃቸውን ማሽን እንደያዘው ሰው አድርገው ይዘረጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ "ያዘኝ!" ብለው ይጮኹና ሌላውን እጃቸውን እንደመጣ ይወረውሩታል። እጃቸው ያረፈበትን ቦታ እኔ በጠመኔ አከብባለሁ። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው እንደተያዘ አድርገው፣ ቀጥሎ ግራቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ወለሉ ላይ ተንጋለው ይሞክሩታል። ፈታዮቹ ሴቶች አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ይስቃሉ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን አፍርላቸው ነበር። ክቡ የበዛበት ቦታ ላይ ቀዩ ቁልፍ ይተከላል። "የተያዘ ሰው አያይም፤ ይዳስሳል እንጂ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የመጀመሪያ ሥራዬን ላሳያቸው ጠራኋቸው። ቁልፉን ስጫነው ማሽኑ ቀጥ አለ። ምስጋና ስጠብቅ ከኪሳቸው ፒንሳ አውጥተው ወደ ቁልፉ የሚሄደውን ሽቦ ቆረጡት።

"አስነሳና ተጫን" አሉኝ።

ብጫነው ብጫነው ማሽኑ መሽከርከሩን አልተወም።

"ሰውየው ሞተ" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "አይጥ ሽቦ እንደምትበላ አታውቅም?"

ከዚያ ቀን ወዲህ በሠራሁት ሁሉ ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ በቁልፉ ውስጥ እያለፈ ይቆያል፤ ቁልፉ ሲጫን ይቋረጣል፣ ማሽኑም ይቆማል። ሽቦው በአይጥ ቢበላ፣ በአካፋ ቢቆረጥ፣ በዝገት ቢበጠስ ያው ይቋረጣል፣ ያው ይቆማል። ነገሩ ሲበላሽ እንኳ ለሰው አድልቶ እንዲበላሽ ማድረግ ነው። ይህን አርባ ጊዜ ካነበብኩት መጽሐፍ ይልቅ ያ ፒንሳ አስተምሮኛል።

ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን ስለ ማስነሳት ነበር። የማስቆሚያ ገመድ ሲሳብ ከገመዱ ጫፍ ያለች አንዲት ሳጥን ትቆለፋለች። ሳጥኗ ያለችበት ድረስ ተሂዶ በእጅ ካልተፈታች ማብሪያ ማጥፊያው ካለበት ከፓኔሉ ክፍል ማንም መስመሩን ማስነሳት አይችልም። ሠራተኛው ይህን ይጠላዋል፤ ይርቃል፣ ያደክማል። "ከዚሁ ሆነን ብንፈታውስ?" ሲሏቸው መልሳቸው የታወቀ ነው። "ሄደህ ያላየኸውን ቦታ አታስነሳም" ይላሉ።

ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። ጥጥ ማሸጊያው ዘንድ ሴቶቹ የምሳ ፌስታላቸውን የማስቆሚያ ገመዱ ላይ ይሰቅሉ ነበርና መስመሩ በየጊዜው ያለ ምክንያት ቀጥ ይላል። የምርት ኃላፊው ሊቀጣቸው ተነሳ። አቶ አሰግድ እኔን መዶሻ አስይዘው ወሰዱኝና "ፌስታል መስቀያ አጥተው ነው እንጂ ፋብሪካ ሊያስቆሙ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ሚስማር ምታላቸው" አሉኝ። መታሁላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱን የነካው የለም። እኔ ከዚህ የያዝኩት ለሰው ችግር መላ መፈለግ እንዳለብኝ ብቻ ነው። ሚስማሩን ያስመቱኝ ግድግዳው ላይ መሆኑን፣ ገመዱን ግን ለገመድነቱ ብቻ መተዋቸውን ልብ አላልኩም።

አቶ አሰግድን የሚወዳቸው አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ መሸኛቸው ላይ የተገኘነው ጥቂቶች ነን፤ ሻይ ጠጥተን፣ አጨብጭበን ተለያየን። እሳቸውም ካፖርታቸውን ቆልፈው ብቻቸውን ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄዱ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ዕውቀታቸውን እወርሳለሁ፣ ፊታቸውን ግን አልወርስም አልኩ። እኔ ሰው የሚወደኝ ባለሙያ እሆናለሁ አልኩ። ሆንኩም።

ከዚያ ወጥቼ ብዙ ቦታ ሠራሁ። አምባሰል ውስጥ አንድ ጠጠር መፍጫ ላይ ብናኙ እየገባባቸው ቁልፎቹ አልጫን ቢሉ ከመኪና ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ እየቆረጥኩ ኮፍያ አለበስኳቸው፤ ሹፌሮቹ "ጥምጣም ያሰሩ ቁልፎች" ብለው ስም አወጡላቸው። አንድ ሳሙና ፋብሪካ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ሊመጣበት ቢሆን ቀይ ነገር ከበዛ ፋብሪካው አደገኛ ይመስላል ብሎ ቁልፎቹን ሁሉ ግራጫ አስቀባቸው። ቢሮው ገብቼ ተለማመጥኩት፣ ስለ እንግዶቹ ቀልድኩለት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ በመጨረሻ ቀዩን አስመለስኩ። እምቢ አላልኩትም፤ ለመንኩት። ስለተሳካልኝ ያው ልማዴ ሆነ።

በመጨረሻ ወደ አገሬ ቀረብኩ። ሐይቅ ከተማ ጫፍ ላይ የከብት መኖ የሚያመርት ፋብሪካ ሲቋቋም የኤሌክትሪክ ክፍሉን እንድመራ ተቀጠርኩ። በቆሎ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ በአንድ በኩል ይገባል፤ ተፈጭቶና ተደባልቆ በረጅም ቀበቶ እየተጓዘ በሌላው በኩል በከረጢት ይወጣል። ቀበቶው ጎተራውን ዞሮ ስለሚታጠፍ ፓኔሉ ክፍል ያለ ሰው የኋለኛውን ግማሽ አያየውም። የማስቆሚያ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እንደ አቶ አሰግድ ጨፍኜ፣ "ያዘኝ" ብዬ ጮኼ፣ በጠመኔ አክብቤ፣ ሳጥኖቹንም በየቦታቸው አስቀምጬ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ የለም።

እንድሪስ የኋለኛው ቀበቶ ሠራተኛ ነበር። ብዙ ዓመት ሳውዲ ቆይቶ የተመለሰ፣ ተጫዋች፣ ባለበት ቦታ ሁሉ ሳቅ የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። ደህና ሥራ ትቶ ለምን እንደመጣ ብጠይቀው መልሱ አጭር ነበር።

"ጋሽ ተሾመ፣ እዛ ሆኘ ስንቱን ረመዳን ብቻየን አፈጠርሁ። ከሰው ጋር ላፈጥር ነው የመጣሁ፣ ወላሂ!"

ረመዳን ሲገባ ችግር መጣ። ከሠራተኛው የሚበዛው ጾመኛ ነው። የምርት ኃላፊው ግን የፓኔሉን ሠራተኛ ደረጀን "ያለ እኔ ትእዛዝ መስመሩን እንዳታቆም" ብሎ አስጠንቅቆታል። ጀምበር ስትጠልቅ፣ መግሪብ ሲል፣ ሰዉ በየተራ ሮጦ ውሃ ተጎንጭቶ ይመለሳል። በጾሙ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ከከተማው አዛን ሲሰማ መስመሩ ድንገት ቀጥ አለ። አንዱ ገመድ ስቦ ነበር። ኃላፊው ምን ይበል? ገመዱን ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት መሳብ እንደሚችል በየግድግዳው የለጠፍነው እኛው ነን። ሰዉ አብሮ ተቀመጠ፣ ተምር ቀመሰ፣ ሰገደ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግስቱ ሌላው ሳበ። ከዚያማ ፉክክር ሆነ። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው አላህ ዘንድ አጅር አለው፣ ምንዳ ማለት ነው፤ እናም ገመዱን ቀድሞ የሳበ ሰው ፋብሪካውን ሁሉ እንዳስፈጠረ ይቆጠርለት ጀመር። አዛኑ ሲቃረብ ሁሉም አንድ እጁን ገመዱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። "የዛሬው አጅር የኔ ነው!" "ትናንት ወስደህ የለም እንዴ፣ ለሰው አታስብም?" ይባባላሉ። ክርስቲያኖቹም ለጨዋታው ይሻሙ ነበር። "የመግሪብ ገመድ" የሚል ስም ወጣለት። እውነቱን ለመናገር፣ በሠራሁባቸው ፋብሪካዎች ሁሉ ያን የመሰለ ደስ የሚል ሰዓት አላየሁም።

ችግሩ ሁሉም በየፊናው ስለሚስብ ሳጥኖቹ ሁሉ ይቆለፋሉ። ከፍጥሩ በኋላ አንድ ሰው ጎተራውን ዞሮ እያንዳንዷን ሳጥን እስኪፈታ የምርት ኃላፊው ይጮኻል። እንድሪስ የሠራተኛው ተወካይ ሆኖ መጣ።

"ጋሽ ተሾመ፣ እንደው አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"ምን ልታዘዝ?"

"ሳጥኑን ዞረን እስክንፈታ ሰውየው እየጮኸብን ሶላታችንን እንኳ ተረጋግተን አንሰግድ። ደረጀ ካለበት ሆኖ ባንድ ጊዜ ቢፈታውሳ? ለእርስዎ ቀላል ነው ብለውኛል።"

"ቀላልስ ቀላል ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ይሥሩልና! ዱዓችን አይለይዎትም።"

ልመልሰው የሚገባ መልስ ነበር። ሳጥኖቹ ካሉበት እንደማይነሱ ነግሬው ወደ ኃላፊው ሄጄ "ለመግሪብ ከፓኔሉ የሚቆምበት ሰዓት ፍቀድላቸው፣ ገመዱን ለአደጋ ብቻ እንተወው" ማለት ነበረብኝ። ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ማለት እሱ ነበር። ግን ከኃላፊው ጋር መጨቃጨቅ ሰለቸኝ። እንድሪስም ፊቴ ቆሞ በተስፋ ያየኛል፤ ያን ፊት ማስከፋት አልቻልኩም። ከየሳጥኑ አንድ አንድ ሽቦ ስቤ ፓኔሉ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ ተከልኩ። ደረጀ እሷን ሲጫን ሳጥኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይፈታሉ። ያን ዕለት ከፍጥር በኋላ ሠራተኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ መረቀኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቶ አሰግድን አስቤ "ይኸው፣ እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ይወዱዎት ነበር" ያልኩት ያኔ ነው።

ያ ረመዳን በሰላም አለፈ። አደጋው የደረሰው በተከታዩ ነው። ቀኑ ደመናማ ነበር፣ ሰማዩ ከወትሮው ቀድሞ ጠቁሯል። ፉርሽካው ርጥበት ይዞ ስለነበር ቀበቶው የሚዞርበት የኋለኛው ሮለር ላይ እየተጋገረ ቀበቶውን ያንሸራትተዋል። እንድሪስ ማድረግ የሚገባውን አደረገ። ገመዱን ሳበ፣ መስመሩ ቆመ፣ እጁን አስገብቶ የተጋገረውን መፋቅ ጀመረ። ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ ይቀር ነበር።

እኔ ፓኔሉ ክፍል ከደረጀ ጋር ነበርኩ። መስመሩ ሲቆም ከረጢት የሚሞሉት ሳቁ።

"ገና ነው እኮ! ማነው ረሃብ የጠናበት?" አለ አንዱ።

"አጅሩን ሊሻማን ነው እንጂ!" አለ ሌላው።

ደረጀ እየሳቀ ሰማያዊዋን ቁልፍ ተጫነና የማስነሻውን አስከተለ። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ጮኸ፣ መስመሩ ተነሳ፣ ወዲያው መልሶ ቆመ። ሳቁ ባሰ። ደረጀ ዞር ብሎ አየኝ።

"እንድሪስ ነው፤ ከእሱ በቀር ማን እንዲህ ይቀልዳል?" አልኩት፣ እኔም እየሳቅኩ።

ደግሞ ተጫነ፣ መስመሩ ተነሳ። ትንሽም ሳይቆይ እውነተኛው አዛን ተሰማ። ሰዉ ሁሉ ገመዱን ሳበ፣ መስመሩ ቆመ። እጃቸው ተምሩ ላይ ሳለ ነው ከጎተራው ጀርባ ጩኸቱ የተሰማው።

በኋላ ስናጣራ የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ጡሩምባ ሲጮኽ እንድሪስ እጁን ሊያወጣ ሞከረ፤ እጅጌው ተያዘ፣ ቀበቶው ክንዱን ሳበው። በግራ እጁ ዳስሶ ገመዱን አገኘና ሳበ። መስመሩ ቆመለት። ክንዱ ተይዟል እንጂ አጥንቱ ገና ደህና ነበር። ተጣራ። ወፍጮው በሌላ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ አልቆመም፣ ከወፍጮውና ከሳቃችን ጩኸት የተነሳ የሰማው የለም። ክንዱ የሄደው ሁለተኛ ስናስነሳው ነው። ገመዱ ሁለት ጊዜ አስቁሞለታል፤ እኛ ሁለት ጊዜ አስነሳንበት። ግራ እጁ ገመዱን ያገኘችው እኔ ጨፍኜ በጠመኔ ያከበብኩት ቦታ ላይ ነው።

ያን ቀን ከመካከላችን ያፈጠረ የለም። ወደ ደሴ ስንወስደው መኪናው ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። አንዱ "ጾመኛ ነው እኮ፣ ውሃ አቅምሱት" አለ። እንዳይጎዳው ፈርቼ ከንፈሩን ብቻ በውሃ አረጠብኩለት። "ቢስሚላህ" ሲል ሰማሁት። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። "ሠራተኛው ኃይል መጥፋቱን ሳያረጋግጥ እጁን አስገብቷል" ብለው ሊጽፉ ሲሉ ተቃወምኩ። ሰማያዊዋን ቁልፍ የተከልኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። "ለሠራተኛው አስበህ ነው፣ ማን ይፈርድብሃል?" አሉኝና እንዳሉት ጻፉት። ደረጀ ከዚያ በኋላ ፓኔል ነክቶ አያውቅም፤ ሥራውን ለቆ ከአገሩ ወጣ። የእንድሪስ አባት ጋሽ ሙሄ፣ ልጃቸው ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እኔን ሊያጽናኑ ቤቴ መጡ።

"አብሽር ልጄ፣ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ። አንተ ለኽይር ብለህ ያረግኸው ነው" አሉኝ፣ ትከሻዬን ይዘው።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እግራቸው ሥር ወድቄ አለቀስኩ፤ እሳቸው ያነሱኛል፣ እኔ አልነሳም እላለሁ።

ሰማያዊዋን ቁልፍ በገዛ እጄ ነቀልኳት። ከዚያ ወደ ምርት ኃላፊው ሄጄ ለመግሪብ ከፓኔሉ የሚቆምበት ሰዓት እንዲፈቀድ ጠየቅሁ። ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት።

"ይሁን" አለኝ። "ይሄው ነበር እንዴ? ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

እውነቱን ይሁን፣ ከአደጋው በኋላ ስለሆነ ይሁን አላውቅም። ንግግራችን አንድ ሻይ እንኳ አላስጨረሰም። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘረፈ፤ ሽቦው ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ሰላም ሲሆን መስመሩን እንደ አዲስ ስንዘረጋ አንዲት ሳጥን ካለችበት ፈቀቅ እንድትል አልፈቀድኩም። ወጣቶቹ "ጋሼ ተቸጋግረን ሞትን፣ ትንሽ ይለዝቡልን" ይሉኝ ነበር። ያወጡልኝን ስም አልነገሩኝም፣ ግን እገምታለሁ። ያ ጠባይ የመጣልኝ ለእንድሪስ ዘግይቶ ነው።

እንድሪስን ፋብሪካው በር ጠባቂ አድርጎት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ትቶት አርዲቦ አጠገብ ባለው የአባቱ መሬት ላይ ሽንኩርት ያለማ ጀመር። ምግብ በቀኝ እጅ በሚበላበት አገር ቀኙ የለችም። ከሰው ጋር ሊያፈጥር ሳውዲን ትቶ የመጣ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ ትሪ ሲቀርብ ፈንጠር ብሎ ለብቻው በሳህን፣ በማንኪያ ይበላል። ይህን ከሰው ሰምቼ ነበር። ጡረታ ወጥቼ እቤቱ ስሄድ ደግሞ በዓይኔ አየሁት።

ከሐይቅ በባጃጅ ነው የሄድኩት። ማሳው ላይ ውሃ ሲመልስ አገኘሁት፤ ሲያየኝ አካፋውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ባለቤቱ ሉባባ ምሳ አቀረበች። እኔና ልጆቹ ከትሪው፣ እሱ ከሳህኑ በላን። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ልጆቹ ሲወጡ ጠየቅሁት።

"እንድሪስ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ልጠይቅህ እያልኩ ፈርቼ ነው። በእኔ ላይ ምን ይዘህብኛል?"

ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ምንም ብልዎት አያምኑኝም።"

"አላምንህም።"

"ሰዉ ሁሉ ቀደር ነው አለኝ፤ እኔም አልሐምዱሊላህ ብየ ተቀብየዋለሁ። ደረጀን አልተቀየምሁት። የሳቁትንም አልተቀየምኋቸው፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።" ሉባባ ትሪውን ልታነሳ መጥታ ነበር፣ ሳታነሳው ቆመች። "እኔ ስለምንዎት ምን እንደምለምን አላውቅም ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። እምቢ ሊሉኝ ይገባ ነበር፣ ጋሽ ተሾመ።"

በቁጣ አላለውም። ስለ ዝናቡ ባወራበት ድምፅ ነው ያለው። ስንት ዓመት የፈለግሁት መልስ ይኸው ነበር።

"እምቢ ብልህ ኖሮ ትቀየመኝ ነበር?" አልኩት።

"ይሄማ ይጠየቃል እንዴ!" ብሎ ሳቀ፣ የድሮውን ሳቅ። "ዓመቱን ሙሉ አላናግርዎትም ነበር! 'ይሄ ሰውየ ክፉ ነው፣ ሶላት ሊያስጨርሰን አልፈለገም' እያልሁ ነበር አገሩን ሁሉ የማዳርስብዎ!"

ሉባባም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እሱ ማንኪያውን አንስቶ የቀረችውን መብላት ጀመረ።

ምነው ያን ኩርፊያ ባገኘሁት። በፋብሪካው ግቢ ስንተላለፍ ሰላምታዬን ነሥቶኝ፣ ፊቱን አዙሮብኝ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲሄድ ባየሁት።